«እታች እኔ ቤት» ያለችው ሴት

ከደሴ የወጣሁ ዕለት አመሻሹ ላይ ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ሳለ እናቴ ግን ከጓዳ አልወጣም አለች። ሳሎን ሁለቱ የአክስቴ ልጆች ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብለው ዚፑን ለመዝጋት ይታገላሉ፣ ጎረቤቶቻችን ሽሮው ይበቃታል አይበቃትም እያሉ ይከራከራሉ፣ ውጪ ካፊያው አላባራም። ሚኒባሱ መጥቶ ጡሩንባ ሲነፋ ጓዳ ገባሁ። እናቴ ምንም አትሠራም ነበር። እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«አባትሽ ሹፌር ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ እማዬ።»

«ታምራትም ሹፌር ነው።»

«እሱ እኮ ካናዳ ነው። ቤት ለቤት እቃ ነው የሚያደርሰው።»

«መንገድ ያው መንገድ ነው» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ይህን ያለችው ወዳ አይደለም። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ሎግያ ላይ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሚስትና ሁለት ልጆች እንዳሉት እናቴ ያወቀችው በቀብሩ ማግሥት ነው፤ ሴትዮዋ ጥቁር ለብሳ፣ ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስትገባ። እኔ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም እናቴም ወንድ «እዚህ ነኝ» ሲለን ወዲያው አናምንም።

ታምራትን ያገባሁት ከካልጋሪ ለእረፍት መጥቶ ሳለ ነው። ወር ሳይሞላው ተመለሰና ሦስት ዓመት በስልክ ኖርን። በሁለተኛው ዓመት አባቱ ኮምቦልቻ ላይ ሞቱ። እሱ መምጣት አልቻለም፤ የመኖሪያ ወረቀቱን ሊያድስ አስገብቶ ገና አላለቀለትም ነበር። እኔ እንደ ምራትነቴ ድንኳን ውስጥ ከእናቱ ጎን ተቀምጬ ለቅሶ ደራሽ ተቀበልኩ። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ «እንዴት ነህ? ማን አለ አጠገብህ?» ስለው «ደህና ነኝ፣ ሂሩትዬ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች አስተዛዝነውኛል» አለኝ። ድምፁ የተሰነጠቀ ነበር። እግዜር ይስጣቸው ብዬ ለማላውቃቸው ልጆች ጸለይኩ።

እንግዲህ ካልጋሪ ኤርፖርት ደረስኩ። የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ፓስፖርቴን እያገላበጠ የት እንደምኖር ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሦስት ቃል ጠንቅቄ ነው የማውቀው፦ ኢን፣ ኦን፣ አት። ድመቷ ሳጥኑ ውስጥ ናት፣ ድመቷ ሳጥኑ ላይ ናት፣ ድመቷ በሩ ጋ ናት። በመጽሐፉ ላይ የነበረው ሥዕል እንኳ ከዓይኔ አይጠፋም። ስለዚህ በሙሉ ልብ «ኢን ማይ ሀዝባንድ» አልኩት። ባሌ ውስጥ ነው የምኖረው ማለቴ ነው።

«ኢን?» አለ ቅንድቡን ሰቅሎ።

ላስተካክል ብዬ «ኦን ማይ ሀዝባንድ» አልኩት። ባሌ ላይ።

ከንፈሩን ነክሶ ማኅተሙን መታልኝና «እሱ ያውቃል?» አለኝ። ሳቅኩለት። ምን እንዳልኩት የገባኝ ከወራት በኋላ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው፤ ብርድ ልብሱን ፊቴ ላይ ሳብኩት።

ታምራት አበባ ይዞ ቆሟል። ተቃቅፈን፣ አልቅሰን፣ ተሳስቀን ገና ወደ መኪናው ስንሄድ ስልኩ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፤ ጎርነን ያለ፣ ሥልጣን ያለው ድምፅ።

«ታም! ዌር ዩ አት?»

«አፕ አት ዚ ኤርፖርት፣ ሼረል። አውት ኢን ዘ ፓርኪንግ።»

አንድ ነገር አለችው። ሳቀ። ያን ሳቅ በሦስት ዓመት ስልክ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።

«ማን ናት?» አልኩት።

«ዲስፓቸር ናት። ሥራ የምታከፋፍለን። ዛሬ ኦፍ መሆኔን ረስታ ነው።»

ረስታ ከሆነ ምኑ ያስቃል? ግን የመጣሁበት ቀን ስለሆነ ዋጥኩት።

ቤታችን ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ነው፣ የአንድ ፑንጃቢ ሕንዳዊ ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት። ባልቢር ይባላል፤ ሰው አክባሪ ነው፤ ግን ቂቤ ባነጠርኩ ቁጥር ከላይ ወርዶ «እህቴ፣ የሚቃጠል ነገር አለ?» ይለኛል። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ጠዋት መጥቶ ሥራ አካፈለን። «አውት ፍሮንት አንቺ፣ አውት ባክ እኔ» አለኝ። አውት ማለት ውጪ መሆኑን አውቃለሁ። ታምራት ሥራ ሄዷል። አካፋውን ይዤ ወጣሁና ከበራችን ጀምሬ እስከ ጓሮ መተላለፊያው ድረስ መሬቱ እስኪታይ ጠረግኩት። ደሴ ላይ ብርድ አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር። የደሴ ብርድ ሰላም ብሎህ ያልፋል፤ ይሄኛው አፍንጫህ ውስጥ ገብቶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ጨርሼ ሻይ ስጠጣ የከተማው ሠራተኛ መጣ። በዋናው መንገድ በኩል ያለው የእግረኛ መንገድ አልተጠረገም ብሎ ማስጠንቀቂያ በሩ ላይ ለጠፈ።

ባልቢር እየሮጠ ወረደ። «እህቴ! አውት ፍሮንት አላልኩሽም?»

«ወጣሁ እኮ!»

«መውጣቱንስ ወጥተሻል። ፍሮንቱ፣ የፊት ለፊቱ ነው የቀረው።»

«ለእኔ ፍሮንቱ ይሄ ነው» አልኩት፤ እልህ ያዘኝ። «የእኔ በር ወደዚህ ነው የሚከፈተው።»

ትንሽ አሰበና «ይሄስ እውነት ነው» ብሎ ራሱ አካፋውን አነሳ።

ታምራት በራሱ ቫን በኮንትራት ነው የሚሠራው፤ ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ አልጋ ያደርሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻሽን ከምትቀመጪ ብሎ ይዞኝ መሄድ ጀመረ። ደስ ብሎኝ ነበር። ከተማዋን አየሁ፤ ቀጥ ያለች፣ ሰፊ፣ ሰማይዋ ብቻ የበዛ። ችግሩ የስልኩ ስፒከር ነው። ሼረል ቀኑን ሙሉ ከመሀላችን አትነሳም።

«ታም፣ የሚቀጥለው አፕ ኢን ሲቲስኬፕ ነው፣ ኦቨር ባይ ዘ ፖንድ።»

«ጋት ኢት። እኔ ገና ዳውን ኦን ማክሊዮድ ነኝ።»

አፕ ኢን። ኦቨር ባይ። ዳውን ኦን። አውት አት። ባክ ኢን። እኔ አንድ በአንድ የማውቃቸው ቃላት እዚህ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚሄዱት፤ ድመቷ ሳጥኑን ጥላ ጠፍታለች። የፍቅር ቃል ቢሆን እኮ እለየው ነበር፤ ፊልም አይቻለሁ፤ ዳርሊንግ ቢላት በሩን ከፍቼ እወርድ ነበር። እነዚህ ግን ጥቃቅን ቃላት ናቸው፤ እሷ ትወረውራለች፣ እሱ ይቀልባል። አብረው የኖሩ ሰዎች እንደሚያወሩት፣ ግማሹን ተናግረው ግማሹን ይተዉታል። ከእኔ ጋር ሲያወራ «ሂሩትዬ፣ እባክሽ ውሃ ታቀብዪኛለሽ?» ብሎ እንደ እንግዳ ዓረፍተ ነገሩን ሞልቶ ነው። ቀናሁ። በግልጽ ልንገራችሁ፣ በሁለት ፊደል ቃል ቀናሁ።

«ይሄ አፕ ኢን፣ ዳውን ኦን የምትባባሉት ምን ማለት ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ዝም ብሎ አነጋገር ነው። ጆሮሽ ይለምደዋል።»

ጆሮዬማ ለምዶ ነበር፤ ልቤ ነው ያልለመደው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሼረል የሥራ ወሬዋን ጨርሳ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ኢት ኢዝ ስቲል ዳውን አት ማይ ፕሌስ፣ ታም» አለች። ስለ አባቷም አንድ ነገር ጨመረች። ታምራት እጁን ሰዶ ስፒከሩን አጠፋውና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

በዚያች እጅ ነው የነቃሁት።

«ምን አለችህ?»

«እቃ ነው።»

«የምን እቃ?»

«እቃ ነዋ ሂሩት! ሥራችን እቃ አይደል?»

ፕሌስ ማለት ቦታ እንደሆነ አውቃለሁ። ቦታዬ። እታች ቦታዬ ላይ። መሬት አላት እንዴ? ዓረፍተ ነገሩን እንደ ዳዊት እየደገምኩ እስከ ማክሰኞ አቆየሁት። ማክሰኞ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የእንግሊዝኛ ክፍል አለኝ።

አስተማሪያችን ሚስ ኖሪን ትባላለች፤ በልጅነቷ ከጃማይካ የመጣች፣ ሳቋ ከኮሪደር የሚሰማ ሴት ናት። አጠገቤ የሚቀመጡት እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ የጎንደር ሴት፣ ልጆቻቸው ያመጧቸው፤ ደብተር ሳይዙ ሁሉን በቃላቸው የሚይዙ። የዚያን ቀን እጄን አወጣሁና ሰዎች ለምን ሁለት ቃል ደርበው ቦታ እንደሚናገሩ ጠየቅኩ።

ሚስ ኖሪን ደስ አላት። ሰሌዳው ላይ ኮረብታ ሣለች፣ ከላይ ሰው አቆመች፣ ከሥር ሱቅ አስቀመጠች። «ሁለተኛው ቃል ነገሩን ከቦታው ጋር ይቸነክረዋል» አለች። «አት ዘ ስቶር፣ ሱቁ ጋ። የመጀመሪያው ቃል ግን አንገታችሁን ያዞራል። ዳውን አት ዘ ስቶር ስላችሁ ሱቁን ብቻ አይደለም የነገርኳችሁ፤ እኔ ከሱቁ በላይ መቆሜን ነግሬአችኋለሁ። አፕ ካልኩ ሽቅብ እዩ። ኦቨር ካልኩ ከመሀላችን የሚታለፍ ነገር አለ። አውት ካልኩ ከመሀል ከተማ ራቁ። ባክ ካልኩ ደግሞ ያ ቦታ ከዚህ በፊት የነበርኩበት ነው።»

እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ምን ትላለች?»

«እኛ እኮ እንዲህ ነው የምንለው፣ እትዬ» አልኳቸው፤ ደስታው አስተነፈሰኝ። «እታች ገራዶ፣ እላይ ቶሳ ሥር፣ ማዶ ሆጤ እንላለን አይደል? ያው ነው!»

«እኛም እታች ቀሃ እንላለን» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ታዲያ ይሄን ለመናገር ነው ሰሌዳውን ያቆሸሸችው?»

ሳቅኩ። ካልጋሪ ከገባሁ እንዲህ ስቄ አላውቅም፤ የተዘጋ መስኮት የተከፈተልኝ ያህል ነበር። በዚያው ድፍረት ያቺን ዓረፍተ ነገር አወጣኋት። «ዳውን አት ማይ ፕሌስ ማለትስ?»

«ማይ ፕሌስ ማለት ቤቴ ማለት ነው» አለች ሚስ ኖሪን። «እታች፣ እኔ ቤት።»

ኢት ኢዝ ስቲል። አሁንም እዚያው ነው ያለው። እታች፣ እኔ ቤት።

እትዬ ዘውዴ ፊቴን አዩት። «ማን ነው እንዲህ ያለሽ ልጄ?»

«ማንም አይደለም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ማንም አለመሆኑን አጥብቀሽ ጠይቂ» አሉኝ።

ወዲያው አልጠየቅኩም። እናቴ ሳትጠይቅ የኖረችው ለምን እንደሆነ በዚያ ሳምንት ገባኝ። ካልጠየቅሽ ቤትሽ እንዳለ ይቆያል። ሸሚዙን ሳጥብ አሸተትኩ። ሲያስነጥስ የት እንደበረደው አሰብኩ። ሼረልን በሐሳቤ አንድ ጊዜ ወጣት፣ አንድ ጊዜ ቀይ ከንፈር፣ አንድ ጊዜ ጥቁር የለበሰች አድርጌ ሣልኳት።

ቅዳሜ ሺኑክ ነፈሰ። ሺኑክ ከተራሮቹ የሚወርድ ሞቃት ነፋስ ነው፤ በክረምት መሀል በአንድ ጠዋት በረዶውን ያቀልጥና የሰውን ጭንቅላት ይፈልጣል። ዲርፉት በሚባለው ትልቁ አውራ ጎዳና ላይ እየሄድን ስልኩ ጮኸ። ታምራት ስፒከሩን ለማጥፋት እጁን ሲሰድ ጭነት መኪና ጎኑ ገባበትና መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ሼረልም ተናገረች።

«ታም፣ ዳድ ኢዝ አስኪንግ ፎር ዩ አጌን። ዩር ቡትስ አር ስቲል ባክ ዜር ኢን ዘ ቤዝመንት፣ ኦቨር ባይ ዘ ፈርነስ።»

አባቴ ደግሞ ጠየቀህ። ቡትስህ ዛሬም እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ማሞቂያው አጠገብ። አንድም ቃል አላመለጠኝ። ባክ ዜር ማለቷም አላመለጠኝ፤ ከዚህ በፊት የነበርክበት ቦታ።

ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቅኩ።

«ጫማህ ሴትዮዋ ቤት ማሞቂያው ሥር ምን ይሠራል?»

ታምራት እንደማያውቃት ሴት አየኝ። «እንግሊዝኛ መቼ ቻልሽ?»

«አሁን።»

መውጫችንን አለፈው። የሚቀጥለውንም አለፈው። አንድ ነዳጅ ማደያ ደርሶ ከዳር ቆመና ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ ነገረኝ። ከልጆቹ ጋር ቴምፕል ይኖር እንደነበር እውነት ነው። ግን ከጋብቻችን በኋላ በመጣው ክረምት የአንዱ ሚስት ከልጆቿ ጋር መጣች፤ ቤቱ ጠበበ፤ እሱ ለቀቀላቸው። ሌላ ክፍል እስካገኝ ብሎ ቫኑ ውስጥ ማደር ጀመረ። ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ በሚሆንበት ብርድ። አንድ ጠዋት ሼረል ለሥራ ስትደውል አፉ አልታዘዝ ብሎት ተንተባተበባት። የት ነህ አለችው። ነገራት። መጥታ ወሰደችው። እሷም የምትኖረው አባቷ ቤት ነው፤ እዚያ ቤዝመንት ውስጥ አስገቡት። እኔ ልመጣ ቪዛ እስኪወጣልኝ እዚያ ኖረ።

«በስልክ ከልጆቹ ጋር ነኝ ስትለኝ የነበረው ሁሉ?»

የመሪውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ይፍቅ ጀመር።

«ከሷ ጋር ተኝተሃል?»

«አልተኛሁም።»

«ማልልኝ።»

«በአባቴ አፅም።»

«ታዲያ ምን አስደበቀህ?»

«የነጭ ሴት ቤት ነው የምኖረው ብልሽ ታምኚኝ ነበር? እናትሽስ?»

ላምንህ እችል ነበር ልል ፈልጌ አፌ እምቢ አለ። ከዚያ ደግሞ ሳልጠይቀው ጨመረልኝ። «አንድ ጊዜ እዚሁ ከእኔ ጋር ኑር ብላኛለች። ሂሩት ትመጣለች አልኳት። ሁለተኛ አላነሳችውም።»

ይቺን ባይጨምራት ኖሮ ያን ሌሊት እተኛ ነበር። ግን ደግሞ ባይጨምራት ኖሮ መሐላውን አላምነውም ነበር።

«ነገ ውሰደኝ» አልኩት።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በደንብ ለበስኩ፤ ማን ፊት እንደምቆም አውቃለሁና። ቤቱ በደቡብ በኩል፣ ወንዙ ዳር ነው፤ አሮጌ፣ ዝቅ ያለ፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ጥድ ያለው። በሩን የከፈተችው ሼረል ነበረች። አስቀያሚ እንድትሆን ጸልዬ ነበር። ወይም ልጅ እግር፣ ንቄ የምተዋት። ሁለቱንም አልሆነችም። ረዥም ናት፣ ሽበት ጣል ያደረገባት፣ ዓይኗ ስር የድካም ጥላ ያለባት፣ ቆንጆ ሴት። «ሂሩት» አለችኝ፤ «ሂ»ውን አስተካክላ። ብዙ ጊዜ ካልሰማችው እንዲያ ልትለው አትችልም።

ኩሽና ገባን። ታምራት ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ኩባያዎች አወረደ። የት እንዳሉ አልጠየቀም። የትኛው የማን እንደሆነም አልጠየቀም። ሼረል ስኳሩን ሳትመለከተው አቀበለችው። እዚያ መቆም አልቻልኩም። የሽንት ቤቱን በር የምፈልግ መስዬ ደረጃውን አገኘሁና ወደ ታች ወረድኩ።

ቤዝመንቱ ውስጥ ማሞቂያው ያጉረመርማል። የተነጠፈ አልጋ አለ። የታምራት ቡትስ ከማሞቂያው ጎን ተደርድሯል። አጠገቡ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ግዙፍ ሰውነት፣ የተንጠለጠለ ሹራብ። ዋልተር ይባላሉ፤ የሼረል አባት። አእምሯቸው እየከዳቸው መሆኑን ታምራት መንገድ ላይ ነግሮኝ ነበር።

«ዌር ኢዝ ታም?» አሉኝ።

«አፕ ኢን ዘ ኪችን» አልኳቸው። እላይ ኩሽና ውስጥ ነው። ከአፌ ጥንድ ሆኖ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

«አንቺስ ማን ነሽ?»

«ሚስቱ።»

ልጅ እንደሚያርሙ ሁሉ በትዕግሥት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኖ፣ ኖ። ሺ ኢዝ ኦቨር ዜር ኢን አፍሪካ።» እሷማ እዚያ ማዶ አፍሪካ ናት። «ትመጣለች። እየጠበቅናት ነው።»

እየጠበቅናት ነው። በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ እዚያ ማዶ ሆኜ ተነግሬአለሁ?

«አይ አም ዳውን ሂር» አልኳቸው። እዚሁ እታች ነኝ።

ብዙ አዩኝ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ወለሉ ቀሰሩ። «እዚህ ነበር የተቀመጠው» አሉ። «ስለ አባቱ።»

ሼረል ደረጃው ላይ ቆማለች፤ መምጣቷን አልሰማሁም። ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ ቃሉን እየቆረጠች ነገረችኝ። መርዶው የደረሰው ጠዋት ታምራት ከአልጋው ወርዶ ባዶ ወለል ላይ ተቀመጠ። አይበላም፣ አይነሳም። እሷ ምን እንደምታደርግ አጣች። አባቷ ግን ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ መሬት ተቀምጠው አያውቁም፣ ግድግዳውን እየያዙ ወርደው አጠገቡ ቁጭ አሉ። የሚሉት ስላጡ ስለ መኪና ጎማ አወሩለት። በሦስተኛው ቀን ታምራት ጮኾ አለቀሰ። ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ እስኪመጣ ድረስ ጮኾ አለቀሰ።

«እናንተ ዘንድ እንዲህ ነው የሚለቀሰው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «እንዲህ ነው።»

ያን ቀን እኔ ኮምቦልቻ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። የአባቱን ፎቶ ይዤ፣ እናቱን ደግፌ፣ ከማላውቃቸው ዘመዶቹ ጋር ደረቴን እየመታሁ። ስለ እሱ ሆኜ ነበር ያለቀስኩት። እንባው ግን እዚህ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ናቸው ያዩት። እኔ «ደህና ነኝ፣ ሂሩትዬ» ነው የደረሰኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የቀናሁት በአልጋው መስሎኝ ነበር። በወለሉ ነው የቀናሁት። በሼረል ብቻ አይደለም፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው በወረዱት ሽማግሌም ቀናሁ። ደግሞ እጃቸውን ልስመው ፈለግኩ። ሁለቱ እንዴት በአንድ ሰው ደረት ውስጥ እንደሚገቡ አላውቅም፤ ገብተው ግን ነበር።

ሼረል ቡትሱን አንስታ ሰጠችኝ። «አንድ ጊዜ እንዲቀር ጠይቄዋለሁ» አለች፤ ዓይኗን አልሰበረችም። «ነግሮሻል?»

«ነግሮኛል።»

«ጉድ» አለችኝ በእንግሊዝኛ። በአማርኛም ያው ነው፤ ጉድ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ታምራት «ሥራውን እለቃለሁ» አለኝ። «ሌላ ዲስፓች አለ። ከነገ ጀምሮ።»

እሺ ብለው ያደርገው ነበር። ቡትሱ ጭኔ ላይ ነው። «ሽማግሌውስ?» አልኩት። ቡትሱን በጨረፍታ አየ። «ተወው» አልኩ። «ግን ሁለተኛ ያችን ስፒከር እንዳታጠፋት።»

አላጠፋትም። ይህን ስጽፍላችሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እኔም አንድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሥራ ጀምሬአለሁ፤ ልጆቹ አፕ ኦን፣ ዳውን ኢን እያሉ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚስ ኖሪን ይልቅ እነሱ ናቸው የሚያስተምሩኝ። ሼረል አንዳንዴ ለእኔም ትደውልልኛለች። ጥሩ ሴት ናት። ጥሩ መሆኗ ነው የሚያንገበግበኝ፤ መጥፎ ብትሆን እገላገላት ነበር። እሷና ታምራት ስፒከሩ ላይ ያችን ኳሳቸውን ሲቀባበሉ ሁሉንም እሰማለሁ፣ ሁሉም ይገባኛል፤ ቅናቱ ግን ቃሉ ስለገባኝ አልቀነሰም። እነዚያ ጥንድ ቃላት ሰው የት እንደነበረ ይነግሩኛል። እዚያ ሆኖ ምን እንደተሰማው የሚነግር ቃል እስካሁን አላገኘሁባቸውም።

ሽማግሌው ከመጸው ወዲህ ደክመዋል። ታምራት ካላጎረሳቸው እህል አይቀምሱም። እሑድ እሑድ ይሄዳል። አንዳንዴ አብሬው እሄዳለሁ፤ ሲሆንልኝ። ባለፈው እሑድ አልሆነልኝም፣ ቀረሁ። እናቴ ደወለች። የአክስቴን ልጅ ሰርግ፣ የመብራቱን መጥፋት፣ የጎረቤቱን ክስ ሁሉ ነገረችኝና «በይ ታምራትን አገናኚኝ፣ ድምፁን ልስማው» አለች።

«ሥራ ላይ ነው» አልኳት።

«በእሑድ?»

አፌ ውስጥ እውነቱ ነበር። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እማዬ፣ እሳቸውን ሊያጎርስ ሄዶ ነው ማለት ይቻል ነበር። ከዚያ የማን አባት ናቸው ትለኛለች። ከዚያ የት ተዋወቃቸው ትለኛለች። እሱም ያኔ ስልኩን ይዞ እንዲህ ነበር እንዴ የቆመው?

«አዎ፣ በእሑድ» አልኩ።

እናቴ መልሳ ስትናገር ድምፅዋ ቀለል ብሎ ነበር፣ ከልክ በላይ ቀለል ብሎ።

«በረዶውስ እንዴት ነው?» አለችኝ።

እናቴ ስለ በረዶ ጠይቃኝ አታውቅም። ነገርኳት። እንዴት እንደሚጥል፣ እንዴት ድምፅ እንደሌለው፣ ነፋሱ መጥቶ በአንድ ጠዋት እንደሚያቀልጠው፣ ማታ ደግሞ መልሶ መስታወት እንደሚሆን፣ ሁሉንም አስረዝሜ ነገርኳት። እሷ «እህ፣ እህ» እያለች ታዳምጠኛለች። እኔ ደግሞ እያወራሁ፣ ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አርቄ፣ ታምራት መጣ እንደሆነ የመኪና ድምፅ አዳምጣለሁ።